የምርቃቱ ቃለ ጉባኤ

ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። አስገድደውኝ ነው ብል ሐሰት ይሆናል፤ በገዛ ፈቃዴ ነው ብልም ሐሰት ነው። አለቃዬ ከወንበሬ ጀርባ ቆሞ ቃሉን እየነገረኝ፣ እኔ ደግሞ የምሳ ሰዓት እንዳያልፍብኝ እየቸኮልኩ፣ «የሐይቁ አካባቢ ሽማግሌዎች የኮሚሽኑን መቋቋም በሙሉ ድምፅ ተቀብለው መርቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። አራት ነጥብ አስቀምጬ አተምኩት፤ ማኅተም ተመታበት። ይህች አንድ መስመር የአጎቴን ላሞች ከውሃ ለየቻቸው። ትዝ ባለችኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በእነሱም፣ በራሴም።

የተወለድኩት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ሥራዬ ደግሞ እንጅባራ፣ የእኛ ሰዎች እስከ አሁን ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። አማርኛና አዊኛ እኩል ስለምናገር ወደ ገጠር የሚወጣ እንግዳ ሁሉ ያለ እኔ አይወጣም፤ እሱ የሚለውን ለገበሬው፣ ገበሬው የሚለውን ለእሱ እተረጉማለሁ። ያሳደጉኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር በነበረበት ጊዜ፣ ሰኞ ሰኞ ስንቄን ይዤ ስወጣ፣ አጎቴ እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝና ጎንበስ ስል እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ይመርቁኛል። ሥራ ከያዝኩም በኋላ፣ ፀጉሬን ሽበት ጣል ጣል ካደረገውም በኋላ፣ ሳልመረቅ የሄድኩበት ቀን አልነበረም። አንድ ጊዜ ባጃጅ ሊያመልጠኝ ሲል ሮጬ ገባሁ፤ አጎቴ ሹፌሩን በዱላቸው አስቁመው፣ እጃቸውን በጎን ሰደው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀ መርቀውኛል።

ሐይቁን ላላየ ሰው፣ ጎድጓዳ ሳህን ያስብ። ዙሪያውን ገደል ነው፤ ገደሉን ደን አልብሶታል፤ ውሃው ከታች ነው። ከብት ወደ ውሃው የሚወርድበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ሌላ መውረጃ ታጥቶ አይደለም፤ በሌላ በኩል ማውረድ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ነው። ከብቶቹ በጎጥ በጎጥ ተራ አላቸው። ተራው የደረሰው ጎጥ ከብቱን አንድ በአንድ፣ ፊተኛዋን አስቀድሞ፣ ያወርዳል፤ ሲመለስ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦታ ድንጋይ ደርድሮ ይደፍናል። በሌላ በኩል ያወረደ ሰው ቢገኝ የሚመታው የለም፣ የሚከሰው የለም፤ የክረምቱን የመንገድ ጥገና ብቻውን ይሠራል፤ አላፊ አግዳሚውም «በርታ!» ይለዋል። ያቺ «በርታ» ከዱላ ትብሳለች። መጥረቢያ የያዘም ሰው አፋፉ ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር መጥረቢያውን ጥሎ ነው የሚወርደው። ይህን ሁሉ በወረቀት ያሰፈረው የለም። ደኑ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወረቀት ያላቸውማ መች ጠፉ! አንድ ሐይቅ አምስት መሥሪያ ቤት ነበረው። አንዱ ይመጣና ጥልቀቱን በገመድ ይለካል። ሌላው ዛፍ ላይ ታፔላ ይቸነክራል። ሦስተኛው «ዛፍ ላይ ምስማር የመታው ማን ነው?» ብሎ ታፔላውን ነቅሎ ይወስዳል። አራተኛው በመጋቢት፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ችግኝ አስተክሎ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። አምስተኛው የደረቀውን ችግኝ ሊቆጥር ይመጣል። በእያንዳንዱ ጉዞ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አጎቴ ሁሉንም ቤታቸው አስገብተው፣ ድንች ቀቅለው፣ መርቀው ይሸኛሉ።

ስለዚህ የሐይቁን ጥበቃና የአካባቢውን ልማት የሚያስተባብር አንድ ኮሚሽን ክልሉ ሊያቋቁም ነው ሲባል ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ከልቤ ደስ አለኝ። አለቃዬ ወሬውን ሲነግረኝ «ተመስገን» ብያለሁ። ለአጎቴ ስነግራቸው እሳቸውም «ከአምስት እንግዳ አንድ እንግዳ ይሻላል» አሉና ሳቁ። በኋላ የመጣው አንድ እንግዳ አምስቱን በአንድ መኪና የጫነ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም።

የምክክሩ ስብሰባ የተደረገው ከአፋፉ በላይ ባለው መስክ ላይ ነው። ለእንግዶቹ ከከተማ የፕላስቲክ ወንበር ተጭኖ መጣ፤ ባለአገሩ ሣር ላይ ተቀመጠ። ከባሕር ዳር የመጣው ኃላፊ ጎልማሳ ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ሰላምታውም እጅ ነስቶ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ እንጠነቀቅ ነበር! ሐይቁ የሁላችንም ሀብት ነው አለ፤ እናንተን ሳናለማ ሐይቁን አንጠብቅም አለ፤ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በአንድ ኮሚሽን በኩል ነው አለ። ካርታ ዘረጋ። በካርታው ላይ ሐይቁን ዙሪያውን አረንጓዴ መስመር ከቦታል። መስመሩ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። እኔም አየሁት፤ ያየሁትን ግን ልብ አላልኩትም።

አጎቴ ግን ልብ አሉት። ማንበብ አይችሉም፤ ካርታ ግን መሬት ነውና አነበቡት። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱና በአዊኛ፣ «እግዜር ያክብርልን። አንድ ነገር ልጠይቅ። ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዳሉ?» አሉ።

ተረጎምኩት። ኃላፊው ፈገግ ብሎ፣ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩ በጥናት ይታያል» አለ።

ይህንን ደግሞ ወደ አዊኛ ስመልሰው «አይተው ይነግሯችኋል» ሆነ። ሌላ ምን ልበል? አጎቴም «እንግዲያ አይተው ይንገሩን» አሉና ተቀመጡ። በዚያ ስብሰባ ከባለአገሩ በኩል የተነገረው ይኸው ነው። እጅ የወጣ የለም፤ «እሺ» ያለ የለም፤ «እምቢ» ያለም የለም። በእኛ አገር ያልተነገረን ነገር እሺም እምቢም አይሉት፤ እስኪነገር ይጠብቁታል።

ከዚያ ጉሙ ከገደሉ ሥር መውጣት ጀመረ፤ እንግዶቹም ዝናብ ፈርተው ተነሱ። ሽማግሌዎቹ አብረው ተነሱ። እዚህ ላይ ለማያውቅ መንገር አለብኝ፦ እኛ ዘንድ እንግዳ ሳይመረቅ አይወጣም። ወዳጅም ይሁን፣ ባላጋራም ይሁን። አጎቴ በድንበር የከሰሳቸው ሰው መጥሪያ ሊሰጣቸው ሲመጣ መርቀው ሲሸኙት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል። ምርቃት ለሰውየው መንገድ ነው እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። ሰው ከደጅህ ወጥቶ እግሩ ቢሰበር ነውሩ የአንተ ነው፤ ስለዚህ ትመርቃለህ።

አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። «እሾህ አይውጋችሁ፤ እንቅፋት አይምታችሁ፤ በደኅና ግቡ፤ ልጆቻችሁን በደኅና አግኙ፤ ያሰባችሁት ይሙላላችሁ።» መስኩ ላይ ያለው ሁሉ «አሜን» አለ። ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር፤ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አብሮት የመጣው ሰው ደግሞ ሁሉንም በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ ማስታወሻዬን ገልጬ መጻፍ ጀመርኩ። በደብተሬ ላይ የአጎቴ ጥያቄ ቃል በቃል አለ፦ ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዳሉ? አለቃዬ አነበበና «ይህን አሳጥሪው» አለ። «ከተሳታፊዎች ስለ እንስሳት ጥያቄ ተነስቶ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» ተባለና ተጻፈ። ከዚያ ወደ ምርቃቱ ደረሰ። ቪዲዮውን ከባሕር ዳር ልከውለታል፤ በጣም ተደስቷል።

«ምርቃቱ እኮ የመሸኛ ነው» አልኩት።

«ምርቃት ምርቃት ነው። ቢቃወሙ ኖሮ ይመርቁ ነበር?»

«አዎ፣ ይመርቁ ነበር።»

ይህን ያልኩት ግን በለሆሳስ ነው። አልሰማኝም፤ ወይም የሰማኝ አልመሰለም። ደግሜ አላልኩትም። የሠራተኛ ፍርሃት እንዲህ ያለ ነው፤ አንድ ጊዜ ለኅሊናው ይናገራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ለእንጀራው ዝም ይላል። «ያሰባችሁት ይሙላላችሁ» የምትለዋም በትምህርተ ጥቅስ ገባች። አጎቴ ለእግራቸው የሰጧቸውን ቃል እነሱ በኋላ ለሠሩት አጥር አደረጉት።

ኮሚሽኑ ተቋቋመ። አለቃዬንም፣ እኔንም በቃለ ጉባኤ ያዥነት ወሰዱን። ለቢሮው ፎቅ ተከራዩ፤ ከመንገዱ ማዶ እንጅባራ የምትታወቅበትን የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ተደርድረው እያሉ፣ የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር ከሩቅ ተጭኖ መጣ። የአካባቢ ልማት ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ! የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ስለ ምን እንደነበሩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስለ አርማ ነበሩ። አርማው ላይ ያለችው ወፍ ወደ ቀኝ ትይ ወይስ ወደ ግራ? አንዱ ወደ ቀኝ የምታይ ወፍ ወደፊት መራመድን ታመለክታለች አለ፤ ሌላው ወፍ አትራመድም፣ ትበርራለች አለ። ጻፍኩት። ሁሉንም ጻፍኩት፤ የወፏ ነገር ሙሉ ገጽ ፈጅቷል። የከብቶቹ ነገር ግማሽ መስመር ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አጎቴ ደወሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «የእቴ ልጅ... መንገዳችን ላይ... ብረት ተከሉበት...» የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

አጥሩ ከአፋፉ ላይ ዓይኔ እስከሚደርስ ሄዷል፤ የብረት ቋሚ፣ ሽቦ፣ ሥሩ ሲሚንቶ። የከብቱ መንገድ ሽቦው ጋ ሲደርስ ያልቃል። ትንሽ አለፍ ብሎ ለጎብኚ የብረት በር ተሠርቷል፤ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ቆሰበር፣ እኔ ከምሠራበት ፎቅ ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጥበቃው ከከተማ የተቀጠረ ነው፤ አዊኛ አይችልም። በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «እንስሳት ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።

የዚያ ቀን ተራው የእኛ ጎጥ ነበር። ላሞቹ መጥተዋል። ከፊት የአጎቴ ጥቁሯ ላም ነበረች፤ ሁልጊዜ ፊተኛ እሷ ናት። ሽቦው ጋ ደርሳ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያሉትም ተሰልፈው፣ እንደለመዱት አንዷም ሳትገፋ፣ ቆመዋል። መንገዱ እስኪከፈት ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ውሃው ከታች ይታያል፤ ይሸታቸዋልም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?» አሉኝ።

እኔ የጻፍኩት መሆኑን በምን አወቁ አልልም። ከእሳቸው ቤት እስክሪብቶ የያዘ ሌላ ማን አለ? ወረቀቱ ስልኬ ውስጥ ነበር። ከፈትኩና የራሴን ዓረፍተ ነገር ለአጎቴ ወደ አዊኛ መተርጎም ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም። «በሙሉ ድምፅ» ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ እምቢ አለኝ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እኔ የመረቅሁ እንዳይወድቁ ነው» አሉ። «ሰውን እንዳይወድቅ መመረቅ ጥፋት ነው?»

«አይደለም፣ አጎቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተካክለዋለሁ።»

«አንቺማ ታውቂ ነበር» አሉ። «እነሱ አያውቁም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ላሞቹን አዙረው ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ወንዝ ነዱ። የጭነት መኪና የሚበርበትን መንገድ አቋርጦ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነው፤ በበጋ ደግሞ ውሃው ከድንጋይ ሥር እየተቀዳ ነው። እኔ ስመለስ እንደልማዴ ጎንበስ አልኩ። አጎቴ እጃቸውን አላነሱም። «በሩ ሲከፈት» አሉና ከብቶቻቸውን ተከትለው ሄዱ። መንገድ ዳር አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ባጃጁ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልጻፍኩት ማመልከቻ የለም። ለአለቃዬ ጻፍኩ፤ «የሚመለከተው ክፍል ያየዋል» አለ። የሚመለከተው ክፍል ማነው ብዬ ስጠይቅ የምክክሩን ቃለ ጉባኤ አውጥተው አሳዩኝ፤ «ማኅበረሰቡ እኮ ተስማምቷል።» የራሴን ጽሑፍ ማስረጃ አድርገው ይሞግቱኝ ጀመር! ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከማተሚያ የወጣማ ጨርሶ አይመለስም።

በዚህ መካከል ነገሩ ከፋ። አንድ መንገድ ሲዘጋ አሥር መንገድ ይከፈታል። ከብቱ ሊያልቅበት የደረሰ ሰው ሁሉ ከኋላ በኩል፣ ገደሉ ስለከፋ አጥሩ ባልደረሰበት ቦታ፣ በደኑ መሐል ማውረድ ጀመረ። «በርታ» የሚል ጠፋ፤ ማን ማንን ያሳፍራል? ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ሥር መጥረቢያ መተውም ቀረ፤ ድንጋይዋ ከአጥሩ ውስጥ ናት። በክረምቱ አፈሩ ተንዶ የሐይቁ ዳር ሲደፈርስ አየሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ቦታ የሐይቁን ውሃ ቡናማ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ኮሚሽኑም አየውና በሪፖርቱ ላይ አሰፈረው። እኔው ጻፍኩት፦ «በአርሶ አደሩ ዘንድ ከፍተኛ የግንዛቤ እጥረት ይስተዋላል።»

ግንዛቤ! መጥረቢያቸውን አፋፍ ላይ ትተው ሲወርዱ ለኖሩ ሰዎች፣ አንድ በአንድ ተሰልፋ መሄድ ለለመደች ላም እንኳ፣ ስለ ሐይቅ ጥበቃ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ተዘጋጀ። የሚተረጉመው ማን ነው? እኔ ነኛ።

ሥልጠናው እዚያው መስክ ላይ ነበር። ያው ኃላፊ ከባሕር ዳር ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። «ከብት የሐይቁን ዳር ይጎዳል» ብሎ ጀመረ። እኔ ቆሜያለሁ፤ ባለአገሩ አፌን ይጠብቃል። አጎቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አያዩኝም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ከውስጤ ተነሳ፤ ድፍረት አልለውም፣ ንዴት ነው። ያንን የድሮ ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ከመተርጎሜ በፊት ባለፈው ስብሰባ ላይ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ አለ» አልኩና በአማርኛም በአዊኛም ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ከብቶቹ በየት በኩል ይወርዳሉ?»

አለቃዬ በዓይኑ ሊቀብረኝ ደረሰ። ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠና «ይህ በዛሬው አጀንዳ የለም» አለ። ተረጎምኩት። ሥልጠናው ቀጠለ፤ ስለ ደለል ተነገረ፣ ስለ ቱሪስት ተነገረ፣ አለቀ።

እንግዶቹ ተነሱ። ሽማግሌዎቹን እያዩ ቆሙ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለቀረጻ አዘጋጀ፤ ያለፈው ቪዲዮ ተወዶ ነበርና። ኃላፊው አንገቱን ትንሽ ደፋ።

ሽማግሌዎቹ አልተነሱም።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ባልቴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ኃላፊው «እንግዲህ አባቶች፣ መርቁን» አለ፤ መተርጎም አላስፈለገውም። አጎቴ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ዝናብ ሳይመጣባችሁ ሂዱ» አሉ። በቃ። ይህን የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው እዚያ ከቆሙት እንግዶች መካከል አልነበረም፤ ሰማንያ ዓመት ገደማ የኖረ ሰው እንግዳን ከደጁ ሳይመርቅ ሲሸኝ የሚያዋርደው እንግዳውን አይደለም፣ ራሱን ነው። አጎቴ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ያ ነው፤ ውሃውን ወሰዱ፣ መንገዱን ወሰዱ፣ በመጨረሻ ደግነታቸውንም አስጣሏቸው።

ቢሮ ተመልሼ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። የመጨረሻዋ መስመር «ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ እንግዶቹ ተመለሱ» ትል ነበር።

አለቃዬ አነበበ። «ይቺን አውጫት» አለ። «ቃለ ጉባኤ ላይ የተደረገ እንጂ ያልተደረገ ነገር አይጻፍም።»

«ያልተደረገውን ስምምነትስ እንዴት ጻፍነው?»

በዚህ ጊዜ በለሆሳስ አልነበረም። ከጎን ያለው ክፍል ድረስ ተሰምቷል። መስመሯን አወጣት፤ እኔም አልፈርምም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ዳንግላ ተዛወርኩ።

ዳንግላ አሁን ያለሁባት ናት። ከተማዋ ምንም አላደረገችኝም። ጠዋት ጋሪ ተሳፍሬ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ፤ የምሠራው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ አስተርጉሚ የሚለኝ የለም። ከዚህም ሆኜ ስለ በሩ እጽፋለሁ። ላንዱ የጻፍኩት ወደ ሌላው ተመርቶ፣ ከሌላው ተመልሶ ኮሚሽኑ ጋ ይደርሳል፤ የሚያስተባብረው እሱ ነዋ! ወደ ሐይቁ በዓል በዓል እሄዳለሁ። አጎቴ ያበሉኛል፣ ያጠጡኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፤ ስነሳ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝና ሳይመርቁኝ ይመለሳሉ። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ጎንበስ ማለቴን ተውኩ።

ባለፈው በገበያ ቀን የመዝገብ ቤቱ በር ተንኳኳ። ቀና ስል አጎቴ ናቸው። በጋቢያቸው ላይ አቧራ አለ፤ በእጃቸው የተጠቀለለ ገመድ ይዘዋል።

«እንዴ! በምን መጡ?»

«በአይሱዙ። ከላሚቱ ጋር።»

ጥቁሯን ላም ሊሸጡ መጥተው ነው። ሌሎቹ ቀድመው ቆሰበር ተሸጠዋል፤ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተቱ ከስተው፣ ወተታቸው ነጥፎ። ይህቺን ግን በቆሰበር ገበያ፣ የሚያውቃቸው ሰው ፊት፣ መሸጥ አልሆነላቸውም። ሰው «ያቺን ፊተኛዋን?» እንዳይላቸው ብለው ዳንግላ ድረስ አመጧት። ገዢው ሲነዳት አንድም ሳታስቸግር ተከትላው ሄደች አሉኝ፤ መሰለፍ ለምዳለችና። ገመዱን ግን አልሰጡትም።

ከቢሮው ፊት ለፊት ሻይ ጋበዝኳቸው። እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፣ ለእገሌ አመልክቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። አጎቴ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡኝ። «ተይው አሁን» አሉ። «ሻይሽን ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ወደ ቆሰበር የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ ይጣራል። አጎቴ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ካደረጉ በኋላ ተመለሱና «ነይ ጎንበስ በይ» አሉኝ።

የሰማሁት እውነት አልመሰለኝም። «በሩ እኮ አልተከፈተም፣ አጎቴ።»

«ቢከፈትስ ባይከፈትስ ከእንግዲህ ምን ገዶኝ? የሚወርድ ከብት የለኝ» አሉ። «አንቺን የተቀየምኩሽ በከብቶቹ ነበር። አሁንማ በምን እቀየምሻለሁ?»

እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። ገመዱም አብሮ ነበር፤ የላሚቱ ጠረን አለው። ይህን እጅ ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ! የተመኘሁት ግን እንዲህ አልነበረም። የተመኘሁት በሩን አስከፍቼ፣ ጥቁሯ ላም ከፊት ወርዳ፣ ከዚያ በኋላ ነበር። እነሱ እየዘገዩ፣ እኔ እያመለከትኩ፣ አጎቴ የሚታረቁበት ነገር አልቆ ታረቁኝ። በዚያ ቅጽበት ኮሚሽኑን ከነወንበሩ፣ ከነወፉ፣ ያን ቀን በለሆሳስ የተናገረችውንም ሴት አብሬ ረገምኩ።

«እሾህ አይውጋሽ» አሉ አጎቴ። «እንቅፋት አይምታሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ።»

ያሰብኩት ያ በር እንዲከፈት ነው። ለእሳቸው ባይሆንም ላም ለቀረው ሰው። «አሜን!» አልኩ፤ በለሆሳስ አይደለም፤ ረዳቱ ጥሪውን አቋርጦ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ነው የጮህኩት።